ዋንዛው የወደቀ ዕለት

ባየህ ጠፍሩን በወገቡ አዙሮ ከዋንዛው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ዛፉ ከሥሩ ተነቃነቀ። ከታች የገመዱን ጫፍ የያዙት ወንዶች አንጋጠው አዩት። እሱም ጉንጩን ከቅርፊቱ ላይ ለጥፎ ዛፉ እስኪረጋ ጠበቀ። ዛፉ የዘመመው ወደ ቤቱ ነው፤ ከወደቀ የሚወድቀው ከአምሳል ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ የአምሳል መኝታ አለ።

«ወንድም ዓለም፣ ቀስ በል እንጂ» አለች አምሳል ከግቢው መካከል። «እግርህን ሰብረህ በልጄ ሠርግ በከዘራ ልትጨፍርብኝ ነው?»

ደቦተኛው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ አለቀ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ከልቧ የሳቀች እሷ ብቻ ነበረች።

ባየህ ከላይ ሆኖ አያት። ሹሩባዋ አዲስ ነው፤ የመስቀል ቅቤ በግንባሯ ወርዶ ያበራል። ለክት ያስቀመጠችውን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ የጠላ ጆግ ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ባሏ ገብረማርያም፣ የባየህ ታላቅ ወንድም፣ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ደምቃ ያያት ሰው የለም። ባየህ ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ ሜዳውን አየ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ጥሎት የሄደው ውሃ በየሩዙ መካከል ይብለጨለጫል፤ ከዚያ ወዲያ የጎንደር መንገድና የጭነት መኪኖቹ፣ ከዚያም የወረታ ቆርቆሮ ይታያል፤ በስተሰሜን የጣራ ገዳም ተራራ ደመና ለብሷል። ይህን ሁሉ ያየው እሷን ላለማየት ነው።

ልጇ ሞቷል። አስር አለቃ ጎበዜ ገብረማርያም፣ የአምሳል አንድዬ፣ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሰንብቷል። ገመድ የያዘው ያውቃል፤ ምሳር የያዘው ያውቃል፤ ጠላዋን የሚጠጣው ሁሉ ያውቃል፤ ጓዳ ገብታ ወጥ የምታማስለው የባየህ ሚስት ሸጌም ታውቃለች። የማታውቀው እናቱ ናት።

ነገሩ ለባዕድ ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። በፎገራ ግን መርዶ እንደ ጥሪ ወረቀት ከደጅ ተጥሎ አይኬድም። ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፤ የሚረዳው ሰው እህል ቀምሶ እንደሆነ፣ አጠገቡ ዘመድ እንዳለ ይታያል። እስከዚያ አገሩ ሁሉ በአንድ አፍ ዝም ይላል። ደግ ልማድ ነው፤ ባየህም እስከዚያች ቀን ድረስ ደግነቱን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መስከረም ነበር፤ የሰሜኑ ጦርነት እንደገና አገርሽቶ በየመንደሩ ሰው ስልኩ ሲጮህ የሚደነግጥበት ጊዜ። የደመራ ዋዜማ ባየህ ከወረታ ጨውና ጋዝ ገዝቶ በባጃጅ ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ከጎበዜ ጋር የዘመተ የሐሙሲት ልጅ ነበር።

«እርስዎ አጎቱ ነዎት?» አለ።

«ነኝ።»

«ወድቋል፣ ጋሼ። በእጄ ነው የቀበርሁት። ለእናቱ እንዴት እንደምትነግሩ እናንተ ታውቃላችሁ።»

ባየህ ባጃጁን አስቁሞ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ካለው የሩዝ ማሳ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገው እሱ ነው፤ በሬ መጥመድ ያስተማረው እሱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ የለ፤ ያን ቀን አልገደደውም። ከዚያ ፊቱን በማሳው ውሃ ታጥቦ በቀጥታ ወደ ቄስ ወልደ ሥላሴ ሄደ። ቄስ ወልደ ሥላሴ የአምሳል የነፍስ አባት ናቸው።

«ዓመት በዓል ከደጅ ቆሟል» አሉ ቄሱ፣ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው። «ችቦ የያዘችን እናት በእንባ አናጠፋትም። በዓሉ ይለፍ።»

በዓሉ አለፈ። ከዚያ ጊሸን ማርያም ትለፍ ተባለ፤ እሷም አለፈች። ነገ ዛሬ ሲባል ሦስተኛ ነገር መጣ፤ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል? ጎርፉ መንደሩን ረግረግ አድርጎት፣ ከአምሳል ግቢ ያልረጠበው ያ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ዋንዛው ቆሟል። ርብ በሜዳው በኩል አፈሩን በልቶ የዛፉን ሥር እንደ በሬ ጅማት አውጥቶታል። ነፋስ በመጣ ቁጥር መሬቱ ከግንዱ ጋር ብድግ ይላል።

«አንድ ሞት ልናረዳ ሄደን ዐሥር ሬሳ ይዘን ልንመለስ ነው?» አሉ ቄስ ወልደ ሥላሴ። «መጀመሪያ ዛፉ ይውደቅ።»

አምሳል ግን ዛፉን አላስነካም አለች። ባሌ ቤቱን የሠራ ዕለት የተከለው ነው፤ ሲወድቅ አብሬው ልውደቅ አለች። ባየህ ለመናት፣ ሸጌ ለመነቻት፣ አልሆነም። የዚያን ጊዜ ነው ባየህ አፉ እንዳመጣለት የተናገረው።

«እታለም፣ ጎበዜ ጥር ላይ ለሠርጉ ሲመጣ በምን ላይ ልታስተኚው ነው? ከወረታ የሚገዛው የብረት አልጋ ሙሽራ አይችልም፤ ሲንጫጫ አድሮ መንደሩን ያስቃል። ከአባቱ ዋንዛ አልጋ ይሠራለት።»

አምሳል ነጠላዋን ከአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ይኸን ቀድመህ ብትለኝ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ በስጋት ባልተኛሁ» አለች። በማግሥቱ ጠላ ጠነሰሰች።

እነሆ በደቦው ቀን ባየህ ወደ ቤቱ ያዘነበሉትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ እያሰረ፣ እየቆረጠ፣ ቀስ አድርጎ በገመድ አወረደ። ሊያብብ የተቃረበ ቅርንጫፍ ሲወርድ አምሳል ታነሣውና ትቆልላለች፤ ይኸ ለማገዶ፣ ይኸ ለአጥር፣ ይኸ ለከብት ትላለች። መጨረሻ ላይ ትልቁን ገመድ ከአናቱ አስሮ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የማናዬ ነበር።

ማናዬ አንጥረኛ ነው፤ ምሳሩን ራሱ ቀጥቅጦ ግንዱን ራሱ ይጥላል። ገበሬው ለሥራ ይፈልገዋል፣ ለማዕድ ይሸሸዋል፤ አምሳል ግን ጠላውን ሌላው ሰው በሚጠጣበት ብርጭቆ ትሰጠው ነበር። ግንዱን ዞሮ አየ፣ አፈሩን በእግሩ መታ አደረገ፣ ከሜዳው በኩል በምሳር ሰፊ አፍ ከፈተለት። ከቤቱ በኩል ደግሞ በመጋዝ ገባ። መጋዙ በገባ ቁጥር ከኋላው የብረት ሽብልቅ እየሰካ በመዶሻ ይመታል፤ ወንዶቹና ጥንድ በሬ ገመዱን ወደ ሜዳው ወጥረው ይዘዋል።

«ሳቡ» አለ ማናዬ።

ዛፉ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ተመልሶ ያዘነበለ መሰለ። አንድ ሰው የእመቤታችንን ስም ጠራ። ማናዬ መዶሻውን አንድ ጊዜ አሳረፈ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ግንድ ቀና አለ፣ ጥቂት ቆመ፣ ወደ ሜዳው ሄደ። ምድር ተናጠች። ጭቃው የበሬዎቹን ሆድ አለበሰው። ከቆርቆሮው አንድ ምስማር እንኳ አልተነቀለም።

አምሳል እልል አለች።

ብቻዋን ነበረች። ከጓዳው ደጅ የተሰለፉት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ሸጌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አምሳል ደግማ እልል አለች፤ ዞራም «ምነው ሴቶች፣ ጉሮሯችሁን ምን ነካው? የሙሽራ አልጋ ወደቀ እኮ» አለቻቸው። ሴቶቹ ምን ያድርጉ፣ ተቀበሏት። እልልታው ረግረጉን ተሻግሮ ተሰማ። ባየህ ገመዱ የላጠውን መዳፉን እያየ ቆመ፤ ያን ጊዜ ሞቶ ቢሆን ይመርጥ ነበር።

ማናዬ ግንዱን በስንት ክንድ ልቁረጠው ብሎ ጠየቀ።

«ልጄ ረዥም ነው» አለች አምሳል። «የሰው አልጋ አይበቃውም፤ ሁልጊዜ እግሩ ወጥቶ ነው የሚያድር። ቆይ፣ ምን አስቸገረን፤ ቁመቱ የአጎቱ ቁመት አይዶል? ባየህ፣ ና እስቲ ከግንዱ አጠገብ ተኛልኝ።»

«በገመድ ይለካል፣ እታለም።»

«ገመድ ሰው አይሆንም። ና፣ አትግደርደር።»

ሰው ሁሉ ሥራ አገኘ፤ አንዱ ምሳሩን ይሞርዳል፣ አንዱ በሬውን ይፈታል። ባየህ ጋቢውን አወለቀና ከግንዱ ጎን፣ ከእርጥቡ ሣር ላይ በጀርባው ተጋደመ። አምሳል ከራስጌው ተንበርክካ በከሰል ግንዱ ላይ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ወደ እግሩ ሄደች።

«እግርህን ዘርጋ። እንዲህ ሰብስበህ ትተኛለህ እንዴ ቤትህ?» አለች እየሳቀች፤ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ቀና አደረገችለት። «ትራሱን ጨምረህ አንድ ስንዝር ተውለት፣ ማናዬ። ራስጌው ሰፊ ይሁን፤ ሲነቃ ተደግፎ ሻይ የሚጠጣበት።»

ባየህ ሰማዩን እያየ ተኝቷል። ጎበዜን እንዲህ የለካው ሰው ይኖር ይሆን ብሎ አሰበ፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት ጓደኞቹ እግሩን እንዲህ ቀና አድርገውለት ይሆን? አሁን ልንገራት አለ በሆዱ፤ እንደተኛሁ ልንገራት። አፉን ሲከፍት አምሳል እጁን ይዛ አስነሣችው፤ ከጀርባው ላይ ሣሩን አራገፈችለት።

ማናዬ ከጉቶው ዘንድ ጠበቀው።

«ንገራት» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቀኑ የተቆረጠው ነገ ማለዳ ነው። ቄሱም ሽማግሌውም ይመጣሉ።»

«አሁን ንገራት፣ ባየህ። የእኔ እናት የወንድሜን መርዶ ፋሲካ አልፎ ነው የሰማች። ሞቱን ይቅር አለች፤ በፋሲካ የበላችውን ሥጋ ግን እስክትሞት ስታነሣው ኖረች።»

ባየህ ጋቢውን አነሣ። ወደ አምሳል ቤት ሄደ፤ እውነት ሊነግራት ነበር የሄደ። አምሳል ስልኳን ይዛ ከደጃፉ ላይ አገኘችው።

«ደውልልኝ እስቲ» አለችው። «አልጋውን ልነግረው ነው። ለእኔ አልገባ ይላል።»

ስልኩን ተቀበለ። እጁ ራሱ የሟቹን ቁጥር ነካ። አምሳል ጆሮዋን አስጠግታ ደንበኛው አይገኝም የምትለዋን ሴት የተቀዳ ድምፅ ሰማችና «አይ ይቺ ሴት፣ እሷም አይደክማት» ብላ ሳቀች።

«ኔትወርክ የለም» አለ ባየህ። «ግንባር ላይ አይሠራም።»

«ይሁና። ነገ ትደውልልኛለህ።»

ባየህ ስልኩን መልሶ ሰጣት። አንዲት ሌሊት ትተኛ፣ አለ በልቡ፤ ደክሟታል፣ ደስ ብሏታል፤ አንዲት ሌሊት ምን ትጎዳለች። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም፤ የባየህም ፍርሃት ያን ቀን የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ወጣ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አምሳል በግቢው የተበተነውን ፍልጥና ስንጥር በመጥረጊያ እየሰበሰበች ነበር። የአጥሩ በር ተከፈተ። ቄስ ወልደ ሥላሴ ከፊት፣ ሁለት ሽማግሎች ከኋላ፣ ከእነሱ ኋላ ባየህ፣ ሸጌና ማናዬ። ማንም እንዴት አደርሽ አላላትም። በዚያ አገር ማለዳ በር ከፍቶ ሰላምታ የማይሰጥ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ያውቀዋል። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«አባ» አለች። «ከእኔ ቤት በማለዳ ምን አወጣዎት? እኔ እኮ አንድ ነው ያለኝ።»

«እግዚአብሔር የሰጠሽን እግዚአብሔር ወሰደ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

ሸጌ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ነበር። አልወደቀችም። አልጮኸችም። ዓይኗ ከቄሱ ላይ አልተነሣም።

«መቼ ነው የሞተ?»

ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉላት።

«የነፍስ አባቴ ነዎት፣ አይዋሹኝም። መቼ ነው?»

«በመስቀል ሰሞን።»

አምሳል እጇን ወደ ራሷ አነሣች፤ ቅቤውን ነካችው፤ ጣቶቿን አየች።

«ደመራውን ዞርሁ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሰው። «ሹሩባ የተሠራሁ ከዚያ በኋላ ነው። ጊሸን ማርያም ዕለት ዶሮ ሠራሁ፣ ፈረሰኛውን ለእሱ ብዬ አስቀምጬ ኋላ ራሴ በላሁት። ትናንት…» ቆመች። «ትናንት እልል አልሁ።»

ማናዬ ፊቱን አዞረ። አምሳል ከሰዎቹ መካከል ባየህን ፈለገችና አገኘችው።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እታለም።»

«ስለካህም?»

«ስትለኪኝም።»

«አለቀስህለት?»

«አለቀስሁ።»

«የት?»

«ከሩዙ ውስጥ።»

«ሸጌስ?» ሸጌ አንገቷን ደፋች። «አባስ?»

«ስሙን በቅዳሴ አንሥቼዋለሁ» አሉ ቄሱ። «በልቤ።»

«እንግዲያ አገሩ ሁሉ አልቅሶለታል» አለች አምሳል። «ተደብቃችሁ አልቅሳችሁ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ የእኔን ጠላ ስትጠጡ ከረማችሁ። እናቱ ብቻ ስትስቅበት።»

የዚያን ጊዜ ጮኸች። ጮኻ ዛፉ ከወደቀበት ቦታ ተንበረከከችና ጭቃውን በሁለት እጇ እየዛቀች ቅቤ በተቀባው ራሷ ላይ ጫነችው። ማንም ሊከለክላት አልደፈረም። ጥሩንባው ተነፋ፤ ሰው ከየረግረጉ እየተንቦራጨቀ መጣ። ሴቶቹ ለለቀስተኛው ንፍሮ ሊጥዱ ትናንት የተቆለለውን ቅርንጫፍ አነደዱት፤ እርጥብ ስለነበር አልነድ ብሎ ግቢውን ጢስ በጢስ አደረገው።

ከደጅ አልጋ ተዘርግቶ የጎበዜ ልብስ እንዲወጣ ተደረገ። ሬሳው የሌለ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ልብሱን ተሸክሞ ከለቀስተኛው ፊት መቆም፣ የሟቹን ስምና ጀግንነት እየጠራ ማስለቀስ የአጎት ወግ ነው። ባየህ ከሣጥኑ ነጭ ጃኖውንና የወታደር ሸሚዙን አውጥቶ በክንዱ ላይ አድርጎ ወጣ። ይህችን ሰዓት ሲጠብቅ ከርሟል፤ ከእሷ ጋር፣ በአደባባይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያለቅስበትን ሰዓት።

አምሳል ተነሥታ መጣችና ልብሱን ከክንዱ ላይ ወሰደች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

«ተወው፣ ባየህ። የአንተ ለቅሶ አልቋል፤ ጨርሰህ ነው የመጣህ። እኔ ገና መጀመሬ ነው።»

ልብሱን በደረቷ ይዛ ዞረች፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ገጥመው ተቀበሏት፤ ክቡ ተዘጋ። ባየህ ባዶ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ። እንባ ፈለገ። ሊያለቅስ ልጁን በትከሻው ያስቀመጠበትን ቀን አሰበ፣ በሬ ሲጠምድ የወደቀበትን ቀን አሰበ፤ ደረቱ ተቃጠለ እንጂ ዓይኑ አልረጠበም። ከክቡ ርቆ ሄዶ ከአጥሩ በር ላይ ቆመ።

ጠዋቱ ሲገፋ ከርብ ማዶ ያሉ ዘመዶች ደረሱ። ከፊት የመጡት አቶ ደረሰ፣ የገብረማርያምና የባየህ አጎት፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውሃውን ተሻግረው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ባየህን አቅፈው ትከሻው ላይ አለቀሱ።

«መቼ ተረዳችሁ፣ ልጄ?»

«እሷ ዛሬ ጠዋት ነው የተረዳች» አለ ባየህ።

አቶ ደረሰ ቀና ብለው ፊቱን አዩት። ደረቅ ፊቱን አዩ፤ የተባለውንም ያልተባለውንም ሰሙ። እጃቸውን ከትከሻው ላይ አወረዱ።

«እንግዲያ ወደ እናቱ ልግባ» አሉና አልፈውት ገቡ።

ከእሳቸው ኋላ ሌሎች መጡ፤ ከእነዚያ ኋላ ሌሎች። ሁሉም ከበሩ ሲደርሱ ያቅፉታል፤ ሁሉም ያንኑ ይጠይቁታል። ባየህም እስኪመሽ ከበሩ ላይ ቆሞ እሷ ዛሬ ነው እያለ አስገባቸው።